ናሙና ሰባት

ፋሉን፣ ታኅሣሥ ነው፤ ከጠዋቱ ሁለት፣
ሰዓቱ ንጋት ይላል፣ ሰማዩ ግን ሌሊት።
የጎልማሶች ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣
ሲግሪድ መብራት አጠፋች፣ ነበልባሉ እንዲታይ።
አሥራ አራት ተማሪ፣ አሥራ አራት መነጽር፣
ዓይናችንን አፍጥጠን፣ እንደ እንቁራሪት፣ ከጠረጴዛው ዳር።

እኔ አርባ ስድስቴ ነው። ትናንት እስከ ውድቅት
አውቶቡስ ሳጥብ አመሸሁ፣ ከጎማ እስከ መስኮት፤
መንገዱን ጨው ይበትኑበታል፣ በረዶው እንዲቀልጥ፣
ብረቱን ሳይበላው ቀድሜ፣ ጨዉን እንደ ልጣጭ ስልጥ።

ስሜ ጌትነት ነው። የዚህ አገር ሰው ሲያነበው
“ዬት” ብሎ ይጀምረዋል፤ ዬት በስዊድንኛ ፍየል ነው።
አባቴ ጌታ ሁን ብሎ ያወጣልኝ ስም
ባሕር ሲሻገር ቀንድ አበቀለ፤ እኔም አልተቀየምኩም፤
መዝገብ ላይ ተጽፎ፣ ደመወዝ እስከገባበት
ፍየልም ጌታ ነው፣ ሣር አይታጣለት።

አጠገቤ ቱቫ ናት፤ ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ፣
ማስቲካዋን ደብቃ፣ እርሳስ የምታበድረኝ።

ሥርዓቱ ቀላል ነው፦ ሽቦውን አሲድ ማጥመቅ፣
ማጋል፣ ደግሞ ማጥመቅ፣ ቀለም አልባ እስኪሆን መጠበቅ፤
ከዚያ ከዱቄቱ ቅንጣት፣ ወደ ቡንሰኑ ጫፍ።
“እሳት አይዋሽም” አለች ሲግሪድ፣ “ውሸት ከእጅ ነው የሚተርፍ።”

መዳብ ነደደ፣ አረንጓዴ፣ ጠርዙን ሰማይ የነካው፤
ከዚህች ከተማ ጉድጓድ፣ ስንት ዘመን ሲወጣ የኖረው፤
ሲግሪድ በመስኮቱ ወደ ማዕድኑ ገደል አየች፣
“የአያቴ ሳንባ እዚያ ቀርቷል” ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።
ባሪየም እንደ ጥሬ ፖም። ካልሲየም እንደ ጡብ።
ስትሮንቲየም ቀላ፤ ትንፋሻችንን ዋጥን፣ ሁላችንም፣ ባንድ ልብ።

ከዚያ ናሙና ሰባት፤ ስም የለሽ፣ ነጭ ዱቄት፣
ለእኔ የደረሰኝ፣ ነጥብ የሚያዝበት።
አነደድኩት። ብጫ! ወፍራም፣ ጮኸ ማለት ይቻላል፣
እንደ አውራ ጎዳና መብራት፣ ክፍሉን ያጥለቀልቃል።
“ሶዲየም” ብዬ ጻፍኩ፤ በትልቁ፣ በኩራት፣
ከሰላሳ ዓመት በኋላ ያወቅኳት አንዲት መልስ ናት።

ሲግሪድ መጣች። አየች። እጄን ገለበጠች።
“የሽቦውን ጫፍ በጣትህ ነካኸው?” አለች።
“ነካሁት።” “እንግዲያው የነደደው ናሙናው አይደለም፣
ያንተ ጨው ነው፤ ሌላውን ሁሉ የሚሸፍን ቀለም።”
ቱቫ ከመነጽሯ ስር፦ “ፍየል መቼ ጨው ያጣል!”
እኔም ሳቅኩ፤ ምን ይደረጋል።

የላቤ ይሁን የመንገዱ፣ እሳቱ አይለየውም፤
ሶዲየም ሶዲየም ነው፣ ከየት መጣህ አይለውም።

“ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ” ሲባል ነው ያደግኩት፤
እዚያ ጨለማ ውስጥ ግን ገልብጬ ለመንኩት፦
ጨው ሆይ፣ አንድ ጊዜ፣ ለእኔ ስትል ጥፋ።
ሽቦውን ሦስቴ አጥቤም፣ ብጫው ሳሳ እንጂ አልጠፋ።

ሲግሪድ ከመሳቢያ ሰማያዊ መስታወት አውጥታ
“በዚህ አሻግረህ እየው” አለች፣ ትከሻዬን ነክታ።

አየሁ።
ብጫው ሞተ።
ከስሩ፣ ዳር ዳሩን፣ ሐምራዊ ነገር ተከፈተ፤
ስስ ነው፣ ዓይን ሲርገበገብ የሚያመልጥ፣
ጯሂ ባለበት የማይናገር፣ ጸጥታ ሲያገኝ የሚገለጥ።
ፖታሲየም።
ቅኔ የተማረ አጎት ነበረኝ፤ ምን ይለኝ ነበር ቢያይ?
ወርቅ የመሰለው ሰሙ ነው፤ ወርቁ ሐምራዊ፣ ከላይ አይታይ።

መስታወቱን ለቱቫ አቀበልኳት። ማኘክ አቆመች፤
“ኦ” አለች፤ ሌላ ምንም ሳትጨምር ቆየች።

ደብተሬ ላይ “ሶዲየም”ን ሰረዝኩ፣ በአንዲት ቀጭን መስመር፤
ደንቡ ነው፤ ስህተት አይደመሰስም፣ እንደተነበበ ነው የሚቀር።
ከአሥር ስድስት ተሰጠኝ።

ማታ ጋራዡ ውስጥ፣ ሻይ ስንል፣ ወለቀ ጓንቴ፤
ቀዳዳ አለው፣ ምስር የምታህል፣ ልክ በሌባ ጣቴ።
ማንም እንዳያየኝ ግራ ቀኝ አየሁና
ላስኩት።
ጨው ነው ገና።